«ዘ ቤንድስ» መሸጋገሪያ አልበም ነውን? የአንድ ክር መነሻና 17 መልሶቹ

ክሩን፣ ማለትም በኢንተርኔት መድረክ ላይ የተካሄደውን ይህን የጽሑፍ ውይይት፣ የከፈትኩት ለረጅም ጊዜ ሳብሰለስለው የቆየሁት አንድ ጥያቄ ስለነበረኝ ነው። የእንግሊዙ ባንድ ሬዲዮሄድ እ.ኤ.አ. በማርች 1995 ያወጣው ሁለተኛ አልበሙ «ዘ ቤንድስ» በተነሣ ቁጥር «መሸጋገሪያ» የሚለው ቃል አብሮት ይነሣል። ከፊቱ የ1993ቱ «ፓብሎ ሃኒ» አለ፤ ከኋላው የ1997ቱ «ኦኬ ኮምፒውተር» አለ፤ በመካከል ያለው ሥራ ደግሞ ወዲያ ማዶ ለመድረስ ብቻ የሚረገጥ ድልድይ ተደርጎ ይታያል። እኔ በመነሻ ጽሑፌ የተከራከርኩት ለውጡ የሚገኘው በአልበሞቹ መካከል ሳይሆን በዚሁ አልበም ውስጥ፣ በአንዱ ዘፈንና በሌላው መካከል እንደሆነ ነው። ለማስረጃም ከአልበሙ ቀደም ብለው በአንድ ነጠላ ዜማ ላይ ጎን ለጎን የወጡትን ሁለት ዘፈኖች አቀረብኩ። «ሃይ ኤንድ ድራይ» በ1993 ለሙከራ ተቀድቶ የተቀመጠና ኋላ ከተቀመጠበት የወጣ ሥራ ነው። «ፕላኔት ቴሌክስ» ግን በ1994 ስቱዲዮ ውስጥ የተወለደ፣ እየዞረ በሚደጋገም የከበሮ ቁራጭና በማሚቶ በተሸፈነ ፒያኖ ላይ የተገነባ ነው። አንደኛው የነበረውን ባንድ፣ ሁለተኛው የሚመጣውን ባንድ ያሰማል። ስለዚህ ጥያቄዬ፣ የቀሩት አሥር ዘፈኖች ከየትኛው ወገን ይቆማሉ የሚል ነበር።

1ኛው መልስ እጅግ በጨዋነት የተጻፈ ሲሆን፣ ጸሐፊው ጥያቄው በመነሣቱ ካመሰገነ በኋላ ነገሩን ከሥሩ ጀመረ። ባንዱ ከዚህ አልበም በፊት የሚታወቀው በአንድ ዘፈን ብቻ እንደነበር አስታወሰ። «ክሪፕ» በ1992 ሲወጣ በሀገሩ ብዙም ሰሚ አላገኘም፤ ዝነኛ የሆነው በሌሎች ሀገሮች ሬዲዮ ተደጋግሞ ከተሰማ በኋላ ነው፤ በ1993 እንደገና ሲወጣ በብሪታንያ 7ኛ ደረጃ ላይ ደረሰ። ከዚያ ወዲህ አሳታሚው ሌላ «ክሪፕ» ጠበቀ፤ አምስቱ የባንዱ አባላት ግን ያንኑ ዘፈን በየመድረኩ መጫወት ሰልችቷቸው ነበር። መልስ ሰጪው አንድ ነገር ጨመረ፤ እኔም ወድጄለታለሁ። በ«ክሪፕ» ውስጥ አዝማቹ ከመግባቱ በፊት የጆኒ ግሪንውድ ጊታር ክሩ የተበጠሰ እስኪመስል ድረስ ግው፣ ግው እያለ ይሰማል። ባልደረባው ኤድ ኦብራየን እንደተናገረው፣ ጆኒ ያንን የመታው ዘፈኑ በጣም ለስላሳ ሆኖበት ሊያበላሸው ፈልጎ ነው። እንደ 1ኛው መልስ አስተያየት፣ የኋለኛው ሬዲዮሄድ የተፀነሰው በዚያች የማበላሸት ሙከራ ነው።

2ኛው መልስ እርማት ነበር፤ የሚገባ እርማት። እኔ በመነሻ ጽሑፌ የአልበሙ ፕሮዲዩሰር ናይጀል ጎድሪች እንደሆነ አድርጌ ጽፌ ነበር። ጸሐፊዋ በአክብሮት እንዳስረዱት ፕሮዲዩሰሩ ጆን ሌኪ ነው፤ ስቶን ሮዝስ የተባለውን ባንድ የ1989 የመጀመሪያ አልበም የሠራውና፣ ሬዲዮሄድ ይወደው የነበረውን፣ ማጋዚን የተባለውን ባንድ «ሪል ላይፍ» አልበምም ፕሮዲዩስ ያደረገው ሰው። ጎድሪች በዚያን ጊዜ ወጣት የድምፅ ባለሙያ ነበር፤ ሌኪ ለሠርግ በሄደበት ቀን «ብላክ ስታር»ን ከባንዱ ጋር የቀዳውም እሱ ነው። ስሕተቴን ወዲያው አረምኩ። ይሁን እንጂ እርማቱ ራሱ ለክርክሩ አንድ ማስረጃ አቀበለ፤ ከ«ኦኬ ኮምፒውተር» ጀምሮ የባንዱን ድምፅ የሚቀርጸው ሰው ገና በ1994፣ አለቃው በሌለበት አንድ ቀን ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ነበርና።

3ኛው መልስ መስማማቱን ብቻ ገልጾ አለፈ።

በ4ኛው መልስ የክሩ ቃና ተለወጠ። እስከዚያ ድረስ ሁላችንም «እርስዎ» እየተባባልን ስንጽፍ፣ ይህ ጸሐፊ በቀጥታ «አንተ» ብሎ ጀመረ። በእሱ አስተያየት «ዘ ቤንድስ» በዚያን ዘመን እንግሊዝን ካጥለቀለቁት የጊታር አልበሞች ከአብዛኞቹ የተሻለ ቢሆንም ከእነሱ ወገን ነው፤ መሸጋገሪያ የሚባል ነገር ካለ በኦክቶበር 2000 የወጣው «ኪድ ኤ» ነው፤ ይህን የማያይ ሰው ሁለቱንም አልበሞች በወጉ አላዳመጣቸውም። የቃሉ አጣጣል አሳዝኖኛል፤ ሐሳቡ ግን ሊናቅ የሚገባው ስላልነበረ ለመመለስ ስዘጋጅ ሌላ ሰው ቀደመኝ።

5ኛው መልስ ልዩነቱን ያስቀመጠበት መንገድ እስካሁን ከአእምሮዬ አልወጣም። መሻገር ማለት አንድ እግር ወዲህ፣ አንድ እግር ወዲያ የሚሆንበት ጊዜ መኖር ነው አለ። «ኪድ ኤ» ሲከፈት የሚሰማው ፕሮፌት-5 የተባለው ኪቦርድ ነው፤ «ኢዲዮቴክ» በ1973 በኮምፒውተር ከተቀነባበረው የፖል ላንስኪ ሥራ በተወሰደች አጭር ቁራጭ ላይ ቆሟል፤ በብዙ ቦታም ጊታር የት እንደገባ አይታወቅም፤ ከአልበሙም አንድም ነጠላ ዜማ አልወጣም። ይህ፣ በእሱ አገላለጽ፣ መሻገር ሳይሆን መዝለል ነው። በ«ዘ ቤንድስ» ውስጥ ግን አሮጌውና አዲሱ በአንድ ጣሪያ ሥር ያድራሉ፤ አንዳንዴም በአንድ ዘፈን ውስጥ።

6ኛው መልስ ከአንድ ጊታር ተጫዋች የመጣ ሲሆን፣ ለእኔ የክሩ ምርጥ መልስ ይህ ነው። ሰውየው ስለ ዘይቤ ስም ምንም ሳይል ሥራው በሦስቱ ጊታሮች መካከል እንዴት እንደተከፋፈለ ብቻ ተነተነ። በ«ፓብሎ ሃኒ» ሦስቱ ጊታሮች አብዛኛውን ጊዜ አንድ ላይ ይገባሉ፤ አዝማቹ ላይ ሁሉም ይጮኻሉ፤ ውጤቱም ወፍራም ግድግዳ ነው። በሁለተኛው አልበም እያንዳንዱ የራሱን ስፍራ ያዘ፦ ድምፃዊው ቶም ዮርክ ኮርዱን (አንድ ላይ የሚመቱትን ኖታዎች) እና ምቱን ይይዛል፤ ኦብራየን በማሚቶና በሚንሳፈፍ ድምፅ ክፍተቱን ይሞላል፤ ጆኒ ግሪንውድ ደግሞ ዝም ብሎ ቆይቶ ሲገባ ዘፈኑን ይቀይረዋል። ለምሳሌ የጠቀሰው «ጀስት»ን ነው። ይህ ዘፈን ቶምና ጆኒ በአንድ ዘፈን ውስጥ ማን ብዙ ኮርድ ይጨምራል ብለው ሲፎካከሩ የተሠራ ነው፤ ስለዚህም ጊታሩ ደረጃ እንደሚወጣ ሰው ወደ ላይ እየረገጠ ይሄድና አድማጩ አሁንስ አበቃ ሲል ሌላ ደረጃ ይጨምራል። በሶሎው ላይ፣ ማለትም ጊታሩ ብቻውን ጎልቶ በሚጫወትበት ክፍል፣ ጆኒ ዋሚ የተባለውን ፔዳል ይረግጣል፤ ይህ ፔዳል በእግር ሲጫኑት የጊታሩን ድምፅ አንድ ኦክታቭ ወይም ከዚያም በላይ ወደ ላይ የሚስብ ነው፤ ድምፁም የጊታር መሆኑ ቀርቶ የሚያፏጭ ማሽን ይመስላል። ጊታር ተጫዋቹ እንዳለው፣ በ1994 ጊታራቸውን ጊታር እንዳይመስል ማድረግ የጀመሩ ሰዎች በ2000 ጊታሩን ወደ ጎን ቢያስቀምጡት ሊያስደንቀን አይገባም።

7ኛው መልስ ትዝታ ነበር። ጸሐፊዋ «ማይ አይረን ላንግ»ን ለመጀመሪያ ጊዜ የሰሙት ከጓደኛቸው በተዋሱት ካሴት ነው፤ መግቢያው ላይ ያለው፣ በዚያው ፔዳል ወደ ላይ የተሳበው የጊታር ዜማ ሲጀምር የካሴቱ ክር የተጨማደደ መስሏቸው ካሴቱን አውጥተው በእርሳስ አጠንጥነው መለሱት። ዘፈኑ የተቀዳው ባንዱ በሜይ 1994 በለንደን አስቶሪያ አዳራሽ ባቀረበው ዝግጅት ላይ እንደሆነ፣ በስቱዲዮ በአዲስ የተቀዳውም ድምፃዊው የዘፈነው ክፍል ብቻ እንደሆነ ያወቁት ከዓመታት በኋላ ነው። በዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። በስቱዲዮ ሳምንታት ቢፈጁም ሥራው አልሆን ብሎ የነበረ ባንድ፣ ሰው ፊት ቆሞ በአንድ ምሽት የተጫወተውን ለአልበሙ መረጠ፤ የለውጡ ግፊት ከየት እንደመጣ ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ነገር አላውቅም።

የ8ኛው መልስ ጸሐፊ የሕክምና ባለሙያ መሆናቸውን ገልጸው ስሞቹን አፍታቱልን። አይረን ላንግ የሚባለው የብረት ሳንባ፣ ፖሊዮ የመተንፈሻ ጡንቻቸውን ያሰነፈባቸውን ሕሙማን ከአንገት በታች ዘግቶ፣ በውስጡ ያለውን የአየር ግፊት ከፍና ዝቅ በማድረግ የሚያስተነፍሳቸው ትልቅ ሣጥን ነው፤ በሕይወት ያኖራል፤ ግን ያስራል። ዘፈኑ ስለ «ክሪፕ» የተጻፈ መሆኑን የሚያውቅ ሰው ምሳሌው ምን ያህል እንደሰመረ ይገባዋል፤ ባንዱ የሚተነፍሰው በዚያ ዘፈን ነበር፤ የታሰረውም በዚያው ዘፈን ነበር። የአልበሙ ስም ደግሞ ጠላቂ ዋናተኞችን የሚይዝ ሕመም ነው። ከጥልቅ ውኃ ውስጥ በፍጥነት የወጣ ሰው በግፊት በደሙና በሕብረ ሕዋሱ ውስጥ ሟሙቶ የነበረው ናይትሮጅን አረፋ ይሆንበትና መገጣጠሚያውን ያሠቃየዋል፤ ሲብስም ይገድለዋል። ከአንድ ዘፈን ዝና ላይ በአንድ ትንፋሽ ብቅ ያሉ ወጣቶች ለአልበማቸው ይህን ስም መስጠታቸው እንዲያው በዘፈቀደ እንዳልሆነ ጸሐፊው አሳመኑኝ።

9ኛው መልስ ከድምፅ ወደ ሥዕል ወሰደን። የሽፋኑ ፊት የሰው ፊት አይደለም፤ ልቡ የቆመን ሰው መልሶ ለማንቃት በሚሰጥ ሥልጠና የሚያገለግል አሻንጉሊት ነው፤ ሠዓሊው ስታንሊ ዶንዉድና ዮርክ በቪዲዮ ቀርጸውት ምስሉን ከቴሌቪዥን መስኮት ላይ መልሰው ፎቶ አንሥተውታል። 10ኛው መልስ በቁጣ ከርዕስ አትውጡ አለ። 11ኛው ግን፣ እኔም እስማማለሁ፣ ይህ ከርዕስ መውጣት እንዳልሆነ አስረዳ፤ የዶንዉድና የባንዱ ሽርክና የጀመረው በ1994ቱ «ማይ አይረን ላንግ» ሽፋን ስለሆነና ከዚያ ወዲህ ስላልተቋረጠ፣ የሽግግሩ ዘመን ለዓይንም የሚታይ ነው። አሻንጉሊቱም፣ እንደ ጊታሩ፣ በማሽን ውስጥ አልፎ ነው ወደ እኛ የመጣው።

12ኛው መልስ የ4ኛው ጸሐፊ ነበር፤ በዚህ ጊዜ ቃሉ ባይለዝብም ማስረጃው ከባድ ሆኖ መጣ። አልበሙን ሌኪ ፕሮዲዩስ ቢያደርገውም አሳታሚው አብዛኛውን ሚክሲንግ፣ ማለትም ተለይተው የተቀዱትን ድምፆች አመጣጥኖ የማዋሐዱን ሥራ፣ የሰጠው ለአሜሪካውያኑ ለሾን ስሌድና ለፖል ኮልደሪ ነው፤ እነዚህ ደግሞ «ፓብሎ ሃኒ»ን የሠሩት ሰዎች ናቸው። እንግዲህ በሁለቱ አልበሞች ላይ የመጨረሻው እጅ አንድ ከሆነ ተለወጠ የምትሉት ድምፅ የቱ ነው ሲል ጠየቀ። እውነቱን ለመናገር፣ በክሩ ውስጥ ከቀረቡት ተቃውሞዎች ሁሉ ጠንካራው ይህ ነው። 13ኛው መልስ ሐሳቡን ትቶ ሰውየውን ተናገረው፤ እዚህ ላይ ልዘግበው አይገባም።

14ኛውን መልስ የጻፍኩት ራሴ ነኝ። መጀመሪያ ሁለቱም ወገኖች ቃላቸውን እንዲያለዝቡ ለመንኩ፤ ከዚያ ወደ ጥያቄው ገባሁ። ሚክሲንግ የትኛው ድምፅ ይጉላ፣ የትኛው ይደብዝዝ የሚለውን ይወስናል፤ ማን መቼ ዝም ይበል የሚለው ግን አስቀድሞ በቀረጻው ተወስኗል። ለዚህ «ፌክ ፕላስቲክ ትሪስ»ን በዝርዝር አቀረብኩ። የቀረጻው ታሪክ የታወቀ ነው፤ ባንዱ በለንደኑ ራክ ስቱዲዮ ነገሩ አልሆንለት ብሎ ተጨንቆ ሳለ አባላቱ ወጥተው ዘፋኙን ጄፍ በክሊን ዘ ጋራዥ በተባለ ቦታ ብቻውን በጊታር ሲዘፍን ሰሙት፤ ዮርክም ወደ ስቱዲዮው ተመልሶ ዘፈኑን በአኩስቲክ ጊታር ብቻ ዘፈነው፤ ሲጨርስም አለቀሰ። የቀሩት የተጫወቱት ያንን ቅጂ እያዳመጡ፣ በላዩ ላይ እየደረቡ ነው።

ይህ ቅደም ተከተል በጆሮ ይሰማል። መጀመሪያ ድምፅና ጊታር ብቻ አሉ፤ ትንፋሹ ሳይቀር ይሰማል። ኦርጋኑ ሲገባ መግባቱ አይታወቅም፤ ክፍሉ የሞቀ ይመስላል እንጂ መሣሪያ የተጨመረ አይመስልም። ቀጥሎ ከሥር ቫዮሊንና ቼሎ ይመጣሉ። ኤሌክትሪክ ጊታሮቹ ሙሉ ኃይላቸውን የሚለቁት ዘፈኑ ከተገመሰ በኋላ፣ በሦስተኛው አንጓ ላይ ነው፤ ያም ቢሆን ድምፃዊውን አይገፉትም፤ እሱ ከፍ ሲል አብረው ከፍ ይላሉ፤ እሱ ሲወርድ ይበተናሉ፤ በመጨረሻ ሰውና ጊታር ብቻቸውን ይቀራሉ። «ፓብሎ ሃኒ» ውስጥ ድምፃዊው ከባንዱ በላይ ለመሰማት ይጮኻል፤ እዚህ ባንዱ ድምፃዊውን ያደምጣል። ይህን ልዩነት ማንም የሚክሲንግ ባለሙያ በኋላ ሊጨምረው አይችልም።

15ኛው መልስ ከእኔ ጋር እየተስማማ ሐሳቤን አናጋው። ጸሐፊዋ አልበሙ በወጣ በስድስት ወሩ፣ በሴፕቴምበር 1995፣ ባንዱ ከጎድሪች ጋር «ላኪ» የተባለውን ዘፈን በጥቂት ሰዓታት ውስጥ መቅዳቱን አስታወሱ፤ ዘፈኑ የተሠራው ዋር ቻይልድ ለተባለው ድርጅት፣ በጦርነት ለተጎዱ ሕፃናት ገቢ ለማሰባሰብ በወጣው «ሄልፕ» አልበም ላይ እንዲገባ ነው። ያ ቅጂ ነው ከሁለት ዓመት ገደማ በኋላ በ«ኦኬ ኮምፒውተር» ላይ የምንሰማው። ስለዚህ የሦስተኛው አልበም አንድ ክፍል የ«ዘ ቤንድስ» ነጠላ ዜማዎች ወጥተው ሳያልቁ ተቀድቶ ነበር፤ ከዚያው አልበም የመጨረሻው ነጠላ ዜማ «ስትሪት ስፒሪት» የወጣው በጃንዋሪ 1996 ነውና። ሽግግሩ በአልበሙ ውስጥ ነው ያሉት ትክክል ነው፤ በአልበሙ ውስጥ አለቀ ካሉ ግን ተሳስተዋል የሚል ነበር የመልሱ ፍሬ ነገር። ልክ ናቸው፤ ይህን በመነሻ ጽሑፌ አላሰብኩበትም ነበር።

16ኛው መልስ «ሃይ ኤንድ ድራይ» በአልበሙ ውስጥ መግባት ነበረበትን የሚለውን አሮጌ ጠብ ቀሰቀሰ፤ ዮርክ ዘፈኑን እንደማይወደው ደጋግሞ መናገሩንም ጠቀሰ። እኔ ግን በመግባቱ ደስተኛ ነኝ፤ እሱ ባይኖር ባንዱ ከየት እንደተነሣ በዚያው ዲስክ ላይ የምንለካበት ነገር አይኖረንም ነበር።

17ኛውን መልስ የጻፈው ያው የ4ኛውና የ12ኛው ሰው ነው። በዚህ ጊዜ «እርስዎ» ብሎ ጻፈልኝ። በመነሻ ጽሑፌ ያነጻጸርኳቸውን ሁለቱን ዘፈኖች አከታትሎ ሰምቷቸው ነበር፤ በ«ፕላኔት ቴሌክስ» ላይ ከበሮው ሰው የሚመታው መሆኑ ቀርቶ የሚሽከረከር ነገር እንደሚመስል፣ ፒያኖውም ከመመታቱ ይልቅ መንቀጥቀጡ እንደሚሰማ አምኗል። በሚክሲንጉ ጉዳይ ግን አልተረታም፤ በምትኩ እኔ ልመልሰው የሚገባ ጥያቄ ተወልኝ፤ «ስትሪት ስፒሪት»ን ከየትኛው ወገን አቆመዋለሁ? አዲስ ነው እንዳልል ጊታር፣ ቤዝና ከበሮ ብቻ ሊጫወቱት የሚችሉት ዘፈን ነው፤ አሮጌ ነው እንዳልል ሶሎ የለውም፤ የሚጮኽ አዝማች የለውም፤ ጊታሩም ኮርዱን በትኖ፣ ኖታ በኖታ፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ እየዞረ ይሄዳል።

ከዚያ በኋላ ዘፈኑን በጆሮ ማዳመጫ ሦስት ጊዜ ሰማሁት። በመጀመሪያው ጊታሩን ብቻ ተከተልኩ፤ በሁለተኛው ቤዙን። በሦስተኛው ከኋላ የሚገቡትን ቃል የሌላቸውን ድምፆች ስከተል፣ የቶም ዮርክ ድምፅ ከእነሱ የሚለይበትን ቦታ አጣሁት። ለ17ኛው መልስ የጻፍኩት ይህንን ነው፤ ድምፃዊው ከመሣሪያዎቹ እንደ አንዱ የሆነበት የመጀመሪያው ዘፈናቸው ይህ ይመስለኛል፤ ስለዚህ ከ«ፕላኔት ቴሌክስ»ም አሻግሬ አቆመዋለሁ። መልሱን እየጠበቅሁ ነው።